የወር አበባ ቆጠራና የሦስት ወር መርፌ በጣና ዳር

የወር አበባ ዑደት የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ቀጣዩ ደም እስከሚታይበት ዋዜማ ድረስ ነው። በአማካይ 28 ቀን ይባል እንጂ በጤነኛ አዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ሊደርስ ይችላል። ዑደቱን የሚመራው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ የተባለ ዕጢ ነው። ከዕጢው የሚወጣው ኤፍኤስኤች የተሰኘ ሆርሞን በኦቫሪ ውስጥ እንቁላል እንዲጎለምስ ያደርጋል፤ እንቁላሉን የያዘው ከረጢት በበኩሉ ኢስትሮጅን እያመነጨ የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል። የኢስትሮጅን መጠን ከፍ ብሎ ሲሰነብት ፒቱታሪ ኤልኤች የተባለ ሌላ ሆርሞን ባንድ ጊዜ በብዛት ይለቃል፤ ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ እንቁላሉ ይወጣል። ባዶ የቀረው ከረጢት ፕሮጄስትሮን ያመነጫል፤ እርግዝና ካልተፈጠረ ግን በ14 ቀን ገደማ ውስጥ ይከስማል። ያን ጊዜ ሽፋኑ ተልጦ ደም ሆኖ ይወርዳል።

በባሕር ዳር፣ በዘጌና በጣና ደሴቶች ቀን የሚታወሰው በወርኃዊ በዓላት ነው። በደም ወራቷ ቤተ ክርስቲያን የማትገባ ኦርቶዶክሳዊት ሴት ቀኗን መያዝ ከልጅነቷ የለመደችው ጉዳይ ነው፤ የጤና ትምህርትም ከዚህ ቢነሣ ይበጃል። በ12 በሚካኤል ዕለት ደም ያየች፣ ዑደቷም 28 ቀን የሆነ ሴት ቀጣዩን የምታየው በሚመጣው ወር በ10 ነው። እንቁላሉ የሚወጣው ከዚያ 14 ቀን ቀድሞ፣ በ26 ገደማ ይሆናል። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ስለሚቆይና እንቁላሉም አንድ ቀን ያህል ስለሚኖር፣ ለማርገዝ የምትችለው ከ21 ማርያም እስከ 27 መድኃኔዓለም ባሉት ቀናት ነው። ጳጉሜን በመካከል ስትገባ ሒሳቡ ይለወጣል። ዑደት በሕመም፣ በጭንቀትና በምግብ እጥረት ስለሚዛባ ቆጠራ ብቻውን አስተማማኝ መከላከያ አይሆንም፤ ሴቲቱ ስለ ራሷ አካል እንድታውቅ ግን የሚተካከለው የለም።

ዘመናዊዎቹ መከላከያዎች ጣልቃ የሚገቡት በዚሁ የሆርሞን ሰንሰለት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ለወሊድ መከላከያነት የተፈቀደው እንክብል ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞኖችን የያዘ ነበር። የሦስት ወሩ መርፌ ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ብቻ ይዟል፤ የኤልኤችን ድንገተኛ ጭማሪ ስለሚገታ እንቁላል አይወጣም፤ የማሕፀን በር ፈሳሽም ይወፍራል። የማሕፀን ሽፋኑ ስለሚሳሳ ከአንድ ዓመት በኋላ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ደም ማየት ያቆማሉ። ብዙ ሴቶችን የሚያስደነግጠው ይህ ነው። «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ»፣ «መርፌው ማሕፀን ያደርቃል» የሚለው ስጋት የሚመጣው ከአላዋቂነት ሳይሆን ማንም ካላስረዳው እውነተኛ ለውጥ ነው። የሚጠራቀም ደም የለም፤ ሽፋኑ ካልወፈረ የሚወርድ ነገር አይኖርም። መርፌው መካን አያደርግም፤ ይሁን እንጂ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ያህል ይወስዳል። ይህን ሳትሰማ የተወጋች ሴት እስከ ስድስተኛው ወር ሳታረግዝ ስትቀር መርፌውን ብትረግም አይፈረድባትም። ከአባላዘር በሽታ የሚጠብቀው ደግሞ ኮንዶም ብቻ ነው።

የወሊድ መከላከያ አገልግሎቱ እዚህ የደረሰው በረጅም ጉዞ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ቢቋቋምም አገልግሎቱ ለረጅም ጊዜ ከከተማ እምብዛም አልወጣም። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ በማስታወቂያ ላይ የነበረው ገደብ እንዲነሣ አደረገ፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቦ መርፌውን ወደ ገጠር አደረሰ። ለውጡ ትልቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ 5.9 ልጆች ትወልድ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.7 ሆኗል። በዚያን ጊዜ ከክልሉ ባለትዳር ሴቶች ወደ 47 ከመቶ የሚጠጉት ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተጠቃሚዎቹ ከግማሽ በላዩ የመረጡት መርፌውን ነው።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን፣ በክንድ የሚቀበረውን ኢምፕላኖን ማስገባት ተማሩ። ማውጣቱ ግን ለጤና ጣቢያ ተተወ። በቀበሌዋ ያስቀበረች ሴት ለማስወጣት ረጅም መንገድ እንድትሄድ ያደረገው ይህ አሠራር ከመነሻው ስሕተት ነበር፤ በጀልባ ለሚሻገር የደሴት ነዋሪ ደግሞ ጫናው የባሰ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ እየዘጋ የጤና አገልግሎትን ሲያውክ፣ በየሦስት ወሩ መደገም ያለበት መርፌ ቀኑ ያልፋል፤ ሦስት ዓመቱ ያለቀ ኢምፕላኖንም ሳይወጣ ይቆያል።

መርፌው ከመወጋቱ በፊት ደም ሊቀር እንደሚችልና ለማርገዝ ወራት እንደሚፈጅ ለሴቲቱ በቋንቋዋ ይነገራት። በክንዷ የተቀበረውም በጠየቀች ዕለት፣ ምክንያቷን ሳትጠየቅ፣ ባስቀበረችበት ቦታ ይውጣላት።