ዝናብ፣ ነፋስና ውርጭ በአንድ ሳምንት፤ የደጋው አርሶ አደር ትንበያውን እንዴት ይጠቀም?

ኅዳር በደጋው ምድር እጅ የማያርፍበት ወር ነው። ገብሱ ታጭዶ ነዶው ማሳ ላይ ተደርድሯል፤ ስንዴው ለማጭድ ደርሷል፤ ዘግይቶ የተዘራው ባቄላ ገና አልደረቀም፤ በወንዝ ዳር በመስኖ የተተከለው ድንችም ቅጠሉን እየዘረጋ ነው። የዓመቱ ልፋት ጎተራ ለመግባት የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው።

በዚህ ወቅት ከሬዲዮ የሚሰማው የአየር ትንበያ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይዞ ይመጣል፦ የበጋው ደረቅና ነፋሻማ አየር እንደሚያመዝን፣ በአንዳንድ ቦታዎች ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሊኖር እንደሚችል፣ በደጋማ አካባቢዎች ደግሞ የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ እንደሚጠናከር። በመንዝ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ወይም በሰሜን ተራሮች አካባቢ የሚያርስ ሰው ይህን ሲሰማ ጥያቄው አንድ ነው፤ ታዲያ ነገ ምን ይሠራ? ለዝናቡ ነዶውን ሰብስቦ መከመር፣ ለነፋሱ ክምሩን ማሰር፣ ለውርጩ ድንቹን ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ደቦ ቢጠራም ሁሉንም በአንድ ቀን መሥራት አይቻልም። የትኛው ይቅደም የሚለው ውሳኔ ነው ምርቱን የሚያተርፈው ወይም የሚያሳጣው።

መልካሙ ነገር፣ ሦስቱ አደጋዎች እንዲሁ ተደበላልቀው የሚመጡ አለመሆናቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተራ አላቸው። ተራውን ያወቀ አርሶ አደር ከትንበያው ብዙ ይጠቀማል።

በጋው ለምን ይቀላቀላል?

በአገራችን የሜትሮሎጂ አከፋፈል በጋ የሚባለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ከሳይቤሪያና ከዓረብ ምድር በኩል የሚዘረጋ ከፍተኛ የአየር ግፊት ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ወደ እኛ ይገፋል። ከሰሜን ምሥራቅና ከምሥራቅ የሚነፍሰው የበጋ ነፋስ ከዚያ የሚመጣ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሰኘው ብርድም በዚሁ ደረቅ አየርና በጠራው ሰማይ የሚበረታ ነው።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ከሜድትራንያን ባሕር በኩል የሚያልፍ የአየር መዛባት ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ያን ጊዜ ከዓረብ ባሕር፣ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ይስባል፤ ደመናው ይከማቻል፤ በአጨዳ ወቅት ዝናብ ይወርዳል። የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቃዊው ይበልጥ በሚሞቅበት ዓመት እርጥበቱ ይበዛል። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ይህ የሙቀት ልዩነት እጅግ ጠንካራ ስለነበር የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ከባድ ዝናብና ጎርፍ አስተናግደዋል።

መዛባቱ ሲያልፍ ደረቁ አየር ተመልሶ ይገባል። ሲገባም በነፋስ ነው። ነፋሱ ደመናውን ይጠርጋል፤ የአፈሩንና የአየሩን እርጥበት ያደርቃል። ከአንድ ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ነፋሱ ጋብ ይላል። ሰማዩ የጠራበት፣ አየሩ የደረቀበት፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት ያ ጸጥ ያለ ሌሊት የውርጭ ሌሊት ነው። ስለዚህ ደመናው ሲገፈፍና ነፋሱ ሲቆም «አለፈልን» ብሎ የሚተኛ አርሶ አደር በማግሥቱ አመዳይ የለበሰ ድንች ሊያገኝ ይችላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መሬት ቀን ያገኘውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ደመና ሲኖር ሙቀቱን እንደ ብርድ ልብስ ይይዝላታል። ነፋስ ሲኖር ደግሞ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር ያቀላቅላል። ሁለቱም ሲጠፉ መሬቷ ትራቆታለች።

ትንበያው የሚለውና የማይለው

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት፣ የወር፣ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያዎችን ያወጣል። በክልላችን በባሕር ዳርና በኮምቦልቻ የሚገኙት ማዕከላትም መረጃውን ለየአካባቢያቸው ያቀርባሉ። እያንዳንዱ ትንበያ የራሱ ጥቅም አለው። የወቅቱ ትንበያ የዘር ዓይነት ለመምረጥና ሸራ ቀድሞ ለማዘጋጀት ነው። የአሥር ቀኑ ደቦ ለመጥራትና የመውቂያ ማሽን ተራ ለመያዝ ነው። የዕለቱ ደግሞ ዛሬ ማታ ድንቹ ይሸፈን ወይስ አይሸፈን የሚለውን ለመወሰን ነው። በወቅት ትንበያ የነገን ሥራ መወሰን፣ በዕለት ትንበያም ወሩን ማቀድ ስህተት ነው።

የወቅት ትንበያ የሚነገረው በዕድል መጠን ነው። ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ምንም ፍንጭ ባይኖር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 33 በመቶ ያህል ነበር። ለምሳሌ «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው» ቢባል ሚዛኑ ወደ እርጥቡ አጋድሏል ማለት ነው፤ ነገር ግን ያ የማይሆንበት ዕድል አሁንም 55 በመቶ ነው። ስለዚህ ትንበያው «ዋሸ» ከማለት በፊት የተነገረው ምን እንደነበር ማስታወስ ይገባል። አስተዋይ ገበሬ ሚዛኑ ወዳጋደለበት ይዘጋጃል፤ ያለውን ሁሉ ግን በአንድ ወገን አያስይዝም።

ተራራው የራሱ አየር አለው

የዞን ወይም የወረዳ ትንበያ ሰፊ ቦታን ይገልጻል። የአንድ አርሶ አደር ማሳ ግን ከገደል አፋፍ ላይ፣ ከተዳፋት መካከል ወይም ከሸለቆ ግርጌ ይገኛል። ራስ ዳሸን 4 ሺህ 550 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከተራራው ሥር ያሉት ቆላዎች ደግሞ በሺህዎች ሜትር ዝቅ ይላሉ። ይህን ሁሉ አንድ የሙቀት ቁጥር ሊገልጸው አይችልም። ስለዚህ በትንበያው ላይ የራስን ማሳ መጨመር የግድ ነው።

የመጀመሪያው ሒሳብ ከፍታ ነው። በአማካይ በየ1 ሺህ ሜትሩ ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ በ6 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። መለኪያ ጣቢያው በ2 ሺህ 800 ሜትር ላይ ቢሆንና ማሳው በ3 ሺህ 300 ሜትር ላይ ቢሆን ልዩነቱ ወደ 3 ዲግሪ ይጠጋል።

ሁለተኛው ሸለቆ ነው። በጠራና ነፋስ በሌለው ሌሊት ይህ የከፍታ ሒሳብ ይገለበጣል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ከተዳፋቱ ወርዶ በሸለቆው ወለል ይተኛል። የመስኖ ማሳ የሚገኘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው በወንዙ ዳር ነው። ከላይ በወገቡ ላይ ያለው ማሳ ተርፎ ከታች ያለው ድንች የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። አየሩን የሚገድብ የድንጋይ ካብ ወይም ጥቅጥቅ ያለ አጥር ከማሳው በታች ካለም ብርዱ እዚያው ይታቆራል።

ሦስተኛው የመለኪያው ቁመት ነው። በጣቢያ ያለው ቴርሞሜትር በጥላ ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ነው። በጠራ ሌሊት የቅጠሉ ሙቀት ከዚያ በብዙ ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። በመሆኑም ዝቅተኛው ሙቀት 3 ወይም 4 ዲግሪ ይሆናል ተብሎ ሲነገር «ከዜሮ በላይ ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም። በዚያም ሌሊት መሬት ላይ ውርጭ ሊያርፍ ይችላል። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋዎች በበጋ ከዜሮ በታች የሚወርድ ሙቀት የተለመደ መሆኑም አይዘነጋም።

ነፋስ ወዳጅም ጠላትም ነው

መጠነኛ ነፋስ ለአውድማ በረከት ነው። ምርቱን በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየበተነ ገለባውን ከፍሬው የሚለይ ገበሬ ነፋስ ይጠብቃል። ችግሩ ነፋሱ ሲበረታ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰውን ነፋስ የቻለ ሸራ 40 ሲሆን ላይችል ይችላል። በተራራ አፋፍ ላይና በሁለት ተራሮች መካከል ባለ በር ደግሞ ነፋሱ ተጨምቆ ስለሚያልፍ በሜዳው ከተተነበየው ይበልጣል። የደረሰ ገብስ ፍሬው ይረግፋል፤ ነዶ ይበተናል፤ የቆመው ስንዴ ይጋደማል።

ከዚህም በላይ ደረቅ ነፋስ እሳትን ይነዳል። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው ቃጠሎ ደረቅ ሣር፣ ገደላማ መሬትና ነፋስ ሲገናኙ እሳትን መቆጣጠር ምን ያህል እንደሚከብድ አሳይቷል። በክምር አጠገብ እሳት መለኮስ በነፋስ ቀን ፈጽሞ የማይደረግ ነው።

እንደ ተራው መሥራት

ደመናና ዝናብ ሲተነበይ የሚቀድመው የታጨደው ነው። ነዶው መሬት ላይ ከቆየ ፍሬው ይበቅላል ወይም ይሻግታል። ክምሩ በድንጋይ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ከፍ ብሎ፣ ዛላው ወደ ውስጥ ዞሮ፣ አናቱ ሾጠጥ ብሎ ሊሠራ ይገባል። ዙሪያውን የውኃ መፋሰሻ ቦይ ማበጀትም ያስፈልጋል። ያልደረሰውን ሰብል ዝናቡን ፈርቶ ማጨድ ግን ፍሬውን ማቀጨጭ ነው።

ዝናቡ እንዳባራ የነፋሱ ተራ ይመጣል። ሸራው በገመድ ይታሰር፤ ከገመዱ ጫፍ ድንጋይ ይንጠልጠል። ነፋሱና ፀሐዩ ክምሩን ካደረቁት በኋላ መውቃት ይቻላል። የረጠበውን ወቅቶ ወደ ጎተራ ማስገባት ምርቱን ለነቀዝና ለሻጋታ አሳልፎ መስጠት ነው። ለእህል ክምችት የሚመከረው እርጥበት 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። መለኪያ ለሌለው ገበሬ የጨው ዘዴ አለ፦ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ደረቅ ጨው ጨምሮ በደንብ መነቅነቅና ጥቂት ደቂቃ ማቆየት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ እንደገና መሰጣት አለበት።

ነፋሱ ጋብ ሊል ሲቃረብ ፊትን ወደ አረንጓዴው ማዞር ነው። የውርጭ ሌሊት ሳይደርስ በቀን ድንቹንና አትክልቱን ውኃ ማጠጣት ይጠቅማል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ቀን ይዞ ሌሊት ይለቃል። ድንቹን አፈር ማስታቀፍ ሥሩን ያተርፋል። አነስተኛ መደብን በገለባ ወይም በሸራ ሸፍኖ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ መግለጥ ይቻላል። ጭስ ማጨስ ብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ ነገር ግን ጭሱ ራሱ የመሬቱን ሙቀት የማገድ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ጥቅም ቢገኝም ከእሳቱ ሙቀት ነው።

ይህን ሁሉ በየማሳው ልክ ለማድረግ አንድ ደብተር ይበቃል። አመዳይ የታየበትን ቀን፣ ከማሳው የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደተመታ፣ በዋዜማው ነፋስና ደመና እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ፣ በሬዲዮ የተነገረው ዝቅተኛ ሙቀት ስንት እንደነበር መጻፍ። መጻፍ የማይችል አባት ካለ ተማሪ ልጅ ይጽፍለታል፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ቢያግዝ ለጎረቤት ሁሉ ይተርፋል። ሁለትና ሦስት በጋ ከተመዘገበ በኋላ «በደጋማ አካባቢዎች ቅዝቃዜው ይጠናከራል» የሚለው ዜና ሲሰማ አርሶ አደሩ በየትኛው ሌሊት፣ ወደ የትኛው መደብ ገለባ ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል።