ከቡና ችግኝ ዳስ እስከ ኮራል ገንዳ

በመቱ፣ በሁሩሙም ሆነ በያዮ የቡና ችግኝ ሲፈላ ያየ አንባቢ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ችግኙ በዳስ ጥላ ሥር ያድጋል፤ ወደ ማሳ የሚወጣበት ጊዜ ሲቃረብም የዳሱ ክዳን በአንድ ቀን አይገፈፍም፤ ጥቂት በጥቂት እየተነሣ ችግኙ ከፀሐይ ጋር ይለማመዳል። ይህ ሥርዓት ካልተጠበቀ ቅጠሉ ነጥቶና ተቃጥሎ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ኮራል ለማውሳት ስንነሣ መነሻችንን ከዳሱ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። ልስልስ ኮራል የሚባለው ወገን እንደ ድንጋያማ ዘመዶቹ ጠንካራ አፅም አይሠራም፤ በሥጋው ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ይበቁታል። እያንዳንዱ ፖሊፕ ስምንት ላባ መሰል እጆች አሉት። ከዚህም በላይ በብዙዎቹ ሴሎች ውስጥ ባለ አንድ ሴል ዋቅላሚዎች ይኖራሉ። ዋቅላሚው በብርሃን አስተፃምሮ ከሠራው ምግብ ለአስተናጋጁ ያካፍላል፤ ኮራሉም በበኩሉ መጠለያ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ናይትሮጅን ይሰጠዋል።

ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ወይም ብርሃኑ በድንገት ሲበረታ ዋቅላሚው ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ኃይል ይቀበላል። ትርፉ ኃይል ሴልን የሚጎዱ ንቁ የኦክስጅን ዓይነቶችን ይፈጥራል፤ በዚህ ጊዜ ኮራሉ ዋቅላሚዎቹን ያጣና ይነጣል። ያለ ልምምድ ፀሐይ ላይ የወጣው የቡና ቅጠልም የሚጎዳው በተመሳሳይ መንገድ ነው። የነጣ ኮራል ታዲያ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ተርቧል። እ.ኤ.አ. በ2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት በይፋ ሲታወጅ በውቅያኖሶች ውስጥ የሆነውም ይኸው ነበር።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። የኮራል አገር አልነበረችም ማለት ግን አይቻልም። በአፋር፣ በደናክል ረባዳ ዳርቻ፣ ከ120,000 ዓመታት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደዚያ ዘልቆ በነበረበት ዘመን የኖሩ ኮራሎች ቅሪት ዛሬም ይታያል። በኋላ ውሃው ከባሕሩ ተቆርጦ ተነነ፤ ጨው ብቻ ቀረ።

በሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ የኮራል ገንዳም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ደናክል እየሆነ ይሄዳል ብንል ማጋነን አይሆንም። ውሃው ይተናል፣ ጨው አይተንም። ስለዚህ በትነት የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። ጀማሪዎች በጨው ውሃ ይሞሉና ኮራላቸው ለምን እንደተኮማተረ ይገርማቸዋል። ተስማሚው ልክ በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ሲሆን፣ ሙቀቱም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ጨዋማነቱ ከልክ አልፎ ቢገኝ እንኳ በአንድ ጊዜ አይመለስም፤ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይስተካከላል።

የተጎዳ ኮራል ያለው ሰው በመጀመሪያ መድኃኒት መፈለግ አይገባውም፤ መለካት ይገባዋል። በእኛ አስተያየት ብዙ ኮራል የሚሞተው ከመጀመሪያው ጉዳት ይልቅ በተደራረበ ሕክምና ነው። ሳርኮፋይተን የተባለው እንጉዳይ መሰል ኮራል ለምሳሌ አልፎ አልፎ ፖሊፖቹን ሰብስቦ ለቀናት ይዘጋል፤ ሰም የመሰለ ስስ ሽፋን ገፍፎ ሲጥልም እንደገና ይከፈታል። ይህ ሕመም አይደለም፤ ሽፋኑን የሚያጥብለት መጠነኛ የውሃ ፍሰት ብቻ ይበቃዋል። ሥጋው እየጠቆረና እየሸተተ ከሄደ ግን የበሰበሰው ክፍል በስለታም ምላጭ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጤነኛው ቁራጭ ብዙውን ጊዜ ድኖ ያድጋል። የኮራል ፈሳሽ ዓይንና ቆዳን ሊጎዳ ስለሚችል ጓንት ማድረግ ግድ ነው።

ለነጣው ኮራል ደግሞ የዳሱ ሥርዓት ይሠራል። ብርሃኑ ይቀነሳል፣ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። ልስልስ ኮራሎች ጎረቤቶቻቸውን የሚመርዙ ተርፒን የተባሉ ኬሚካሎች ወደ ውሃው ስለሚለቁም የከሰል ማጣሪያ ማስገባትና በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛ ያህሉን መቀየር ይረዳል።

ይህ ገንዳ መቱ ላይ ቢተከል ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 1600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከጠረፍ ይልቅ ወደ 18 በመቶ ያንሳል፤ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ወደ ጎሬ ከፍታ ሲወጣ ጉድለቱ ይብሳል። የኮራሉ ዋቅላሚ ደግሞ ሌሊት ኦክስጅን አያመርትም፤ ይተነፍሳል እንጂ። የውሃውን ገጽ አጥብቆ የሚያናውጥ ፓምፕ እዚህ ቅንጦት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ፓምፑም አብረው ይቆማሉ፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ግን በባትሪ ለሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው፤ በደንብ የተሸፈነ ገንዳ ቶሎ አይቀዘቅዝምና።

የኢሉባቦር ዝናብስ? ጨው የሌለው ውሃ በነፃ ከሰማይ ይወርዳል። ይሁንና ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ዚንክ ይዞ ይመጣል፤ ዚንክ ሲበዛ ደግሞ ለኮራል መርዝ ነው። ለገንዳው የሚሆነውን ጠል ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ ቆርቆሮ ሳይነካው፣ በንጹሕ የፕላስቲክ ሸራ ላይ መቀበል ይሻላል።