ልጅን ከማረም በፊት ራስን ማረም

በክረምት ወራት የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ዝናሙ በሚበረታበት ጊዜ፣ የአሰላና የአካባቢዋ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር በቤት ተዘግተው ይውላሉ። እናት ምጣድ ጥዳ እንጀራ ስትጋግር የአራት ዓመት ልጅዋ ስኳር ይለምናታል። ብትከለክለው ይጮኻል፤ መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ያገኘውን ዕቃ ይወረውራል። እርስዋም ጥቂት ታግሣ፣ ወይ ስኳሩን ትሰጠዋለች፣ ወይ አርጩሜ ታነሣለች። ከዚህም የባሰ፣ ልጅን በበርበሬ የሚያጥኑ ወላጆች እንዳሉ ኹላችንም እናውቃለን።

ይህን የሚያደርጉት ልጁን ስለሚጠሉ አይደለም። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» እንደሚባለው ፍቅሩ አለ፤ የጐደለው ዘዴው ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጄራልድ ፓተርሰን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኦሪገን ቤተ ሰቦችን በየቤታቸው እየተመለከተ ሲመረምር አንድ ነገር አስተዋለ። ይኸውም ልጅ ሲጮኽ ወላጅ ከተሸነፈ፣ ልጁ ጩኸት እንደሚጠቅም ይማራል፤ ወላጅም ለጊዜው ጸጥታ ስላገኘ ነገም ይሸነፋል። ወላጅ ተቈጥቶ ልጁ ዝም ካለም፣ ወላጅ ቍጣን ይለምዳል። ስለዚህ ሕክምናው የሚጀምረው ከወላጁ ነው።

ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ጽናት ግን ይፈልጋል። አንደኛ፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ሳያዝዙና ሳይነቅፉ፣ ልጁ በመረጠው ጨዋታ አብሮ መጫወት ነው። ኹለተኛ፣ መልካም ሲሠራ ሥራውን እየጠሩ ማመስገን ነው፤ «ጐበዝ» ብቻ ሳይኾን፣ «ብርጭቆውን ቀስ አድርገህ ስላስቀመጥህ ደስ አለኝ» ማለት ይገባል። ሦስተኛ፣ ጉዳት የማያመጣውን ጩኸት ቸል ብሎ፣ ዝም ሲል ወዲያው ፊትን መመለስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ሊብስ ይችላል፤ ያን ጊዜ መሸነፍ ይበልጥ መጮኽን ማስተማር ነው። አራተኛ፣ ትእዛዝ አጭር ይኹን፤ የተነገረውም ይፈጸም። እናት የከለከለችውን አያት በስውር ከሰጠች ግን ድካሙ ኹሉ ከንቱ ይኾናል።

የዓለም የጤና ድርጅት የእድገት መዘግየትና ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችንም ተሞክሯል። ሥልጠናው 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጕብኝት ያለው ነው። ችግሩ የጸናበት፣ ወይም ንግግሩ የዘገየ ልጅ በሐኪም ሊታይ ይገባዋል፤ በአሰላም የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ጠብቋቸዋል። በቤት ውስጥ ግን ዋናው ጠባቂ የወላጅ ኅሊና ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በኤፌሶን መልእክቱ በምዕራፍ 6 አባቶች ልጆቻቸውን ከማስቈጣት እንዲጠበቁ፣ በጌታ ምክርም እንዲያሳድጓቸው አዝዟል። የክርስትና አባትና እናትም በዚህ ድርሻ አላቸው፤ እናት በደከመች ጊዜ ሕፃኑን ተቀብለው ጥቂት ቢያሳርፏት፣ አርጩሜው ሳይነሣ ይቀራል።

እንግዲህ ልጃችን ትዕግሥትን እንዲማር የምንወድ ከኾነ፣ አስቀድሞ በእኛ ላይ ሊያያት ይገባል።