የማሰላሰያ ማስታወሻ በጤና ሙያ ትምህርት

የሕክምናና የጤና ሳይንስ ተማሪዎች በዋርድና በተመላላሽ ሕክምና ክፍል በየቀኑ ብዙ ያያሉ፡፡ ይሁን እንጂ ማየት ብቻውን መማር አይደለም፡፡ አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1910 «እንዴት እናስባለን» በሚለው መጽሐፉ፣ ትምህርት አስተውሎ የማሰብን ልማድ ማዳበር እንዳለበት አስረድቷል፡፡ ዶናልድ ሾን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ሥራው፣ ባለሙያ በሥራው መካከልም ሆነ ከሥራው በኋላ ድርጊቱን በመመርመር እንደሚማር አሳይቷል፡፡ ተማሪዎች ያጋጠማቸውን እየጻፉ የሚመረምሩበት የማሰላሰያ ማስታወሻ በዚህ አስተሳሰብ ላይ የተመሠረተ ነው፡፡

ግራሃም ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበው ቅደም ተከተል ለጀማሪ ጸሐፊ ይረዳል፡፡ ይኸውም የሆነውን መግለጽ፣ በወቅቱ የተሰማን ስሜት ማስፈር፣ መልካሙንና ጎዶሎውን መመዘን፣ ምክንያቱን መተንተን፣ መደምደሚያ ላይ መድረስና ለወደፊቱ ማቀድ ነው፡፡

ለምሳሌ አንድ ተማሪ የስድስት ወር የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናውን ያቋረጠ ሕመምተኛ አጋጠመው እንበል፡፡ በሕመምተኛው ካርድ ላይ የሚሰፍረው «መድኃኒት አቋርጧል» የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል፡፡ ተማሪው ማስታወሻውን ሲጽፍ ግን ሕመምተኛውን መገሠጹን፣ ያቋረጠበትን ምክንያት ግን አለመጠየቁን ይገነዘባል፡፡ ምክንያቱ የመጓጓዣ ገንዘብ ማጣት፣ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ወይም ሕመሙ ቀለል ሲል ድኛለሁ ብሎ ማመን ሊሆን ይችላል፡፡ መፍትሔው በየምክንያቱ ስለሚለያይ፣ ያልተጠየቀው ጥያቄ በሕክምናው ውጤት ላይ ለውጥ ያመጣል፡፡

ማስታወሻው የሚጠቅመው አንባቢ ሲኖረው ነው፡፡ መምህሩ በጊዜው አንብቦ ጥያቄ ሊጽፍበት ይገባል፤ «አላሰብክበትም» ከማለት ይልቅ «ሕመምተኛው ምን ይል ነበር?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ነው፡፡ ተማሪዎች በትንሽ ቡድን ሆነው የእርስ በርሳቸውን ጽሑፍ ሲያነቡም አንዱ ያላየውን ሌላው ያሳየዋል፡፡ እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያለ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ተማሪዎችን በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ ስለሚያወጣ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ አመቺ ነው፡፡ በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ማርክ ከተሰጠ፣ ተማሪው የሆነውን ሳይሆን መምህሩን ደስ ያሰኛል ያለውን ወደ መጻፍ ያዘነብላል፡፡

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ሊዘነጉ አይገባም፡፡ የመጀመሪያው የሕመምተኛው ምስጢር ነው፡፡ ስምና የካርድ ቁጥር ማውጣት ብቻ በቂ አይደለም፤ ቀበሌ፣ ሥራ፣ የገባበት ቀንና ብዙ ያልተለመደ ሕመም በአንድነት ሲጻፉ ሰውየውን በቀላሉ ያሳውቃሉ፡፡ ሁለተኛው ስሕተትን ይመለከታል፡፡ ሕመምተኛን የጎዳ ወይም ሊጎዳ የሚችል ስሕተት በማስታወሻ ተጽፎ የሚቀመጥ ሳይሆን፣ ወዲያውኑ ለኃላፊው ሐኪም ወይም ነርስ መነገር ያለበት ነው፡፡ ማሰላሰሉ የሚከተለው ሕመምተኛው ተገቢውን እርዳታ ካገኘ በኋላ ነው፡፡

ስሕተቱን በነፃነት የሚጽፍ ተማሪ እንዲኖር በቅንነት የሚያነብ መምህር ያስፈልጋል፡፡ ስለሆነም ትምህርት ቤቶች ማስታወሻውን ለተማሪዎች ከማዘዛቸው በፊት፣ መምህራን ለማንበቢያና መልስ ለመስጫ የሚሆን ጊዜ በሥራ ድልድላቸው ውስጥ እንዲኖራቸው ማድረግ ይጠበቅባቸዋል፡፡