የልጅ እግር በድንገት ሲዝል

ጋምቤላ በነርስነት ስሠራ፣ እግሩ በድንገት የዛለ ልጅ ይዘው የሚመጡ ወላጆች «መጋኛ መታው» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ «የደም ምርመራ አይበቃም ወይ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል።

ጊላን ባሬ የሚባለው ሕመም ብዙ ጊዜ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ይጀምራል። ተሐዋስያንን ሊዋጋ የተዘጋጀው አንቲቦዲ ተሳስቶ የራስን ነርቭ ያጠቃል፤ ነርቭን እንደ ሽቦ ፕላስቲክ የሸፈነው ማይሊን ይጎዳል። ድካሙ ከእግር ወደ ላይ ይወጣል፤ የመተንፈሻ ጡንቻ ላይ ከደረሰ ሊገድል ይችላል።

አንቲቦዲውን በደም ውስጥ የሚፈልግ ምርመራ አለ። ነገር ግን በብዙ ታማሚዎች ላይ አይገኝም፤ «የለም» የሚል ውጤት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ሐኪሙ በዋናነት የሚለየው ልጁን መርምሮ፣ ጉልበቱ ሲመታ እግሩ ብድግ አለማለቱን አይቶና የአከርካሪ ፈሳሽ አስመርምሮ ነው። ሕክምናው የደም ውጤት አይጠብቅም።

ከ15 ዓመት በታች ከሆነ የሰገራ ምርመራም የግድ ነው፤ ፖሊዮም እንዲሁ ያልማልና። ድካሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ናሙና ተወስዶ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ከደቡብ ሱዳን ጋር ለሚዋሰነው ክልላችን ይህ የጎረቤት ልጆችም ጥበቃ ነው።

ወላጆችና አያቶች፣ ማሸቱና መርፌ ማስወጋቱ ይቅር፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መተንፈስ ወይም መዋጥ ከከበደው ቀጥታ ሆስፒታል፤ ሌሊትም ቢሆን አይደር። በጊዜ ከደረሰ አብዛኛው ልጅ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይራመዳል።