ክልል የሚወለድበት አንቀጽ

የአሜሪካን ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የቀረጹት ሰዎች፣ አገራቸው ገና እንደምትሰፋ ያውቁ ነበር። አዲስ ግዛት የሚገባበትን በር አንቀጽ 4 ላይ አበጁለት፤ ቁልፉን ግን ለኮንግረሱ ሰጡት። ከነባር ግዛት ተከፍሎ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የነባሩ ግዛት ምክር ቤት ካልፈቀደ አይሆንም። ሜይን እ.ኤ.አ. በ1820 ከማሳቹሴትስ ተለይታ ግዛት የሆነችው ማሳቹሴትስ ስለፈቀደች ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የእኛ ሕገ መንግሥት ቁልፉን ለጠያቂው ሕዝብ ሰጠ። በአንቀጽ 47 መሠረት በክልል ውስጥ ያለ ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ በፈለገ ጊዜ የራሱን ክልል ማቋቋም ይችላል። የብሔሩ ምክር ቤት ጥያቄውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ተቀብሎ ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ያቀርባል። ክልሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት አለበት። አብላጫው ድምፅ ከደገፈ ክልሉ ሥልጣኑን ያስረክባል፤ አዲሱም ክልል ማመልከቻ ሳያስፈልገው የፌዴሬሽኑ አባል ይሆናል። ነባሩ ክልል እንዲያደራጅ እንጂ እንዲከለክል አልተፈቀደለትም።

ለወላይታ ይህ አንቀጽ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ንጉሡ ካዎ ጦና በምኒልክ ጦር ተሸንፈው የወላይታ መንግሥት ያከተመው በ1887 ዓ.ም. ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ያም ሆኖ ወላይታ በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ነበረች። በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ተደባልቀው የተዘጋጁ መማሪያ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ሲገቡ የወላይታ ከተማ ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ዞኑ ፈርሶ ወላይታ ራሷን የቻለች ዞን የሆነችው ከዚያ በኋላ ነው። መብት በወረቀት ላይ ስለሰፈረ ብቻ እንደማይከበር የሶዶ ሰው ያኔውኑ አይቶታል።

ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የወላይታ ዞን ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን አጽድቆ ለደቡብ ክልል ምክር ቤት አቀረበ። ተመሳሳይ ጥያቄ ያቀረበው የሲዳማ ሕዝብ ሕዝበ ውሳኔ ኅዳር 2012 ዓ.ም. ተካሄደ። ወላይታን በተመለከተ ግን ዓመቱ አለፈ፤ ሕዝበ ውሳኔውም አልተደራጀም። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮች ታሰሩ፤ በሶዶና በቦዲቲ በተነሣው ተቃውሞ ሰዎች ሞቱ። የአንቀጹ ትልቁ ጉድለት የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፦ ቀነ ገደብ ያስቀምጣል፣ ገደቡ ሲጣስ ምን እንደሚከተል ግን አይናገርም።

በኋላ ለሕዝብ የቀረበው ጥያቄ ሌላ ነበር። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በአንድ የጋራ ክልል ለመደራጀት ድምፅ ሰጡ። ምርጫ ቦርድ በወላይታ የሕግ ጥሰት በማግኘቱ ድምፁን ሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና አስመረጠ። በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ወላይታ ሶዶም የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። ከተማዋ የክልል መቀመጫነትን አገኘች፤ በ2011 የቀረበው ጥያቄ ግን እንደቀረበበት መልክ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ።

በአሜሪካ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ነው፤ በእኛ አገር የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የቀነ ገደቡን ትርጉም መወሰን የነበረበት አካል ስለሆነ፣ አባላቱ በማን እንደሚመረጡ ማወቅ ለወላይታ ቁም ነገር ነው። የሚመርጧቸው የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፤ ማለትም እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀርብባቸው አካላት። የአሜሪካ ሴኔተሮችም ቀድሞ በየግዛቱ ምክር ቤት ይመረጡ ነበር፤ ምርጫው ወደ ሕዝብ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1913 በወጣው 17ኛው ማሻሻያ ነው። ለእኛ ማሻሻያ አያስፈልግም። አንቀጽ 61 የክልል ምክር ቤቶች እነዚህን ተወካዮች ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ማድረግ እንደሚችሉ በግልጽ ይፈቅዳል፤ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤትም ሊጠቀምበት ይችላል።