የተለገሰ ልብስ የሥራ ሥልጠና ወጪን እንዴት ይሸፍናል?

በአሜሪካ ሰዎች የለገሷቸውን ልብሶች፣ ጫማዎችና የቤት ዕቃዎች በርካሽ ከሚሸጡ የበጎ አድራጎት መደብሮች ትልቁ ጉድዊል ነው። በአሜሪካና በካናዳ ከ150 በላይ ማኅበራትን ያቀፈ ሲሆን እያንዳንዱ በራሱ ቦርድ ይተዳደራል፤ መደብሮቹ በድምሩ ከ3000 ይበልጣሉ። የጋራ ጽሕፈት ቤቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ግዛት፣ በሮክቪል ከተማ ይገኛል። ከሽያጩ የሚተርፈው ገንዘብ ሥራ ያጡ ሰዎችን ለማሠልጠን እንደሚውል ማኅበራቱ ይናገራሉ። ከገቢው ለሠልጣኙ የሚደርሰው ምን ያህሉ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ለዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

ሥራው የተጀመረው በ1902 እ.ኤ.አ. በቦስተን ነው። ኤድጋር ሄልምስ የተባሉ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስደተኞችና ድሆች በሚበዙበት ሰፈር ያገለግሉ ነበር። ከባለጸጎች ሰፈር ያረጁ ልብሶችንና ዕቃዎችን በጆንያ አሰባሰቡ፤ ሥራ የሌላቸውን ሰዎች ቀጥረው አስጠገኑና በአነስተኛ ዋጋ አስሸጡ። ሽያጩ የጠጋኞቹ ደመወዝ ሆነ። ድሃው ምጽዋት ከሚቀበል ሠርቶ ደመወዙን ይውሰድ የሚለው ይህ አሠራር እስከ ዛሬ የድርጅቱ መሠረት ነው።

ለጋሹ ዕቃውን በመደብሩ የጀርባ በር አስረክቦ ደረሰኝ ይቀበላል። ደረሰኙ ላይ መደብሩ ዋጋ አይጽፍም፤ ከግብር ተቀናሽ ለመጠየቅ የሚፈልግ ለጋሽ የገበያ ዋጋውን ራሱ ይገምታል። ከዚያ ሠራተኞች በረጅም ጠረጴዛ ላይ ከረጢቱን ዘርግፈው ይለያሉ፦ የተቀደደው ለብቻ፣ ቆሻሻ የያዘው ለብቻ፣ ደኅናው በመስቀያ። የሚሰቀለው ልብስ ባለቀለም የዋጋ ምልክት ይለጠፍበታል። ቀለሙ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር የትኛው ልብስ እንደቆየ በአንድ እይታ ይታወቃል፤ የቆየው ዋጋው ይቀነሳል። አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ያልተሸጠው በክብደት ወደሚሸጥበት መጋዘን ይሄዳል። እዚያም ገዢ ያላገኘው በቦንዳ ታስሮ ለጨርቅ ነጋዴዎች ይሸጣል፤ ከፊሉ የፋብሪካ መወልወያ ይሆናል፣ ከፊሉ ወደ አፍሪካና ወደ ሌሎች አህጉራት ይጓዛል። ኢትዮጵያ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ እንዳይገባ ስለምትከለክል በየገበያው የሚታየው ሰልባጅ በአብዛኛው የኮንትሮባንድ ነው።

ዕቃው በነጻ ይምጣ እንጂ ሥራው ነጻ አይደለም። የሱቅ ኪራይ፣ የጭነት መኪና፣ የመብራትና የለያዮች ደመወዝ ከሽያጩ ይከፈላል። የተሰበረ ቴሌቪዥን ወይም የቆሸሸ ፍራሽ የሚያመጣ ሰው ለመደብሩ የሚያስረክበው የቆሻሻ ማስወገጃ ወጪ ነው። ለሥልጠና የሚውለው ከዚህ ሁሉ በኋላ የተረፈው ነው።

ሥልጠናው ራሱ ከመደብሩ ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ ሥራ ያልነበረው፣ ከእስር የወጣ ወይም አካል ጉዳት ያለበት ሰው በመለየትና በካሸርነት እየሠራ በሰዓቱ መግባትን፣ ደንበኛ ማስተናገድን ይለምዳል። ከመደብሩ ውጭ ደግሞ እንደየማኅበሩ የኮምፒውተር፣ የፎርክሊፍት ወይም የሕሙማን እንክብካቤ ትምህርት ይሰጣል፤ የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍና ለቃለ መጠይቅ መዘጋጀትም አብሮ አለ። ከሁሉ የሚጠቀሰው በ2010 በኢንዲያናፖሊስ የተከፈተው ኤክሴል ሴንተር ነው። ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርሱ የቀሩ አዋቂዎች ያለ ክፍያ ተምረው ሙሉ ዲፕሎማ ያገኙበታል፤ ወላጆች በሚማሩበት ሰዓት ልጆቻቸው እዚያው ይጠበቃሉ። ሞዴሉ በ2016 ዋሽንግተን ዲሲ ደርሷል። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ግን በልብስ ሽያጭ ብቻ አይቆምም፤ መንግሥት ለትምህርት የሚመድበው ገንዘብ ባይኖር ኖሮ በዚህ ስፋት ባልተሠራ ነበር።

ክርክሩ የሚነሳው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደመወዝ ነው። የ1938ቱ የአሜሪካ የሠራተኛ ሕግ ልዩ ፈቃድ ያላቸው አሠሪዎች ለአካል ጉዳተኞች ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች እንዲከፍሉ ይፈቅዳል። አንዳንድ የጉድዊል ማኅበራት በዚህ ፈቃድ ተጠቅመዋል፤ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾችም አጥብቀው ተቃውመዋል፣ ተቃውሟቸውም ተገቢ ነው። ሠራተኛን ከችግር አወጣለሁ የሚል ድርጅት ያንኑ ሠራተኛ ከሌላው ባነሰ ሒሳብ ሊመዝነው አይገባም። ሜሪላንድን የመሰሉ ግዛቶች አሠራሩን በሕግ አስቀርተዋል፤ ብዙ ማኅበራትም ትተውታል።

ሁለተኛው የሒሳብ አያያዝ ነው። ለመደብር ሠራተኞች የሚከፈለው ደመወዝ ራሱ የበጎ አድራጎት ወጪ ተብሎ ሲመዘገብ፣ “ከገቢያችን አብዛኛው ለተልእኳችን ይውላል” የሚለው መግለጫ ስንት ሰው ሠልጥኖ ሥራ እንደያዘ አይናገርም። እውነተኛው መለኪያ ስንት ሰው ከመደብሩ ወጥቶ ቋሚ ሥራ አገኘ፣ በምን ያህል ደመወዝስ ነው የሚለው ነው። ማኅበራቱ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡት ዓመታዊ ሪፖርት የኃላፊዎችን ደመወዝ ጨምሮ በሕግ ለማንም ክፍት ነው፤ ዕቃ ከመስጠቱ በፊት የሰፈሩን ማኅበር ሪፖርት ማየትና የሥልጠናውን ውጤት መጠየቅ የለጋሹ መብት ነው።